ለዓይን የተጻፈ፣ ለጆሮ ሲነበብ

አንድ ካፌ ውስጥ በተዘጋጀ የንባብ ምሽት፣ በር ላይ ቆሞ አባቱን ስለሚጠብቅ ልጅ የጻፍኩትን አጭር ልብ ወለድ አነበብኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ልጁ እናቱን ይጠይቃል፤ እሷም «ገና አልደረሰም» ትለዋለች። ደንግጬ ስለነበር «ና»ን አጠበቅኳት። ያልደረሰው አባቱ መሆኑ ቀርቶ የልደት በዓል ሆነ። ታሪኩ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው እዚያ ጋ ነበር፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ለመድረክ የማነበው ሁሉ የራሱ ቅጂ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ዓይን ወደፊት አይቶ ይረዳል፤ አፍ ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት። «ዋና» ወንዝ ውስጥ ያለው ነው ወይስ ዋነኛው? «ይመታል» የተባለው ሰውዬ መቺ ነው ተመቺ? «የጻፍኩት እኔ፣ እንዴት እሳሳታለሁ?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ሁሉም ላይ ሳይሆን የሚያሳስተው ላይ ብቻ።

ንግግር ከዚህም ይብሳል። ትእምርተ ጥቅስ ይታያል እንጂ አይሰማም። አማርኛ ደግሞ የሰውን ቃል እንዳለ ይዞ ነው የሚያወራው፤ «እኔ አልመጣም አለ» ስትሉ «እኔ» ማን ነው? ከራሳችሁ ሕይወት ተነሥታችሁ በአንደኛ መደብ የጻፋችሁት ከሆነ፣ አድማጩ «እኔ» በሰማ ቁጥር እናንተን ነው የሚያየው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «አለ» እስኪደርስ ሰውየው መንገድ ስቷል። ስለዚህ ተናጋሪውን አስቀድሙ፦ «ወንድሜ፣ እኔ አልመጣም አለ»። ወንድና ሴት ሲነጋገሩ «አለ»ና «አለች» ራሳቸው ያግዛሉ፤ ሁለት ወንዶች ከሆኑ ግን ስም ጨምሩ። ረጅሙን ዓረፍተ ነገርም ለመድረክ ሁለት ቦታ ቁረጡት። የታተመው እንዳለ ይቀመጥ፤ ማንም አይከሳችሁም።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ልብ ወለድ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሁሉ በልቡ ወጋየሁ ነው። እሱ ግን ተዋናይ ነበር። እኛ ሽማግሌ ለመምሰል ድምፃችንን ስናጎረንን ታዳሚው ታሪኩን ትቶ እኛን ማየት ይጀምራል። ፍጥነት መለወጥ ይበቃል፤ አያት ቀስ ትበል፣ ልጅ ይቸኩል።

አምስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ የአራት ደቂቃ አዘጋጁ፤ ቤት ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ ለኩት። ታሪኩ ረጅም ከሆነ ከየቦታው አትሸራርፉት፤ አንድ ትዕይንት ምረጡ። ወረቀቱ በአንድ ፊት የታተመ፣ የፊደሉ መጠን 16 የሆነ፣ የገጽ ቁጥር ያለው ይሁን። ማይኩ ከአፋችሁ ከስንዝር አይራቅ። «ጉንፋን ይዞኛል፣ ይቅርታ» የሚለውን መግቢያ ደግሞ እባካችሁ እንተወው።

በራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረውን «ግጥም በጃዝ»ን የመሰለ ምሽት የለመደ የአዲስ አበባ ታዳሚ፣ ስንኙ ሲያምርለት መሐል ላይ ያጨበጭባል። ልብ ወለድ ላይ ግን ዝም ይላል። በተለይ ከገጣሚ ቀጥሎ የወጣ ሰው ይህን ዝምታ እንደ ውድቀት ቆጥሮ መፍጠን ይጀምራል፤ ሲፈጥን ይደናቀፋል። የተሰላቸ ታዳሚ ዝም አይልም፤ ስኒ ያንኳኳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል። ዝም ካለ እየሰማ ነውና በያዛችሁት ፍጥነት ቀጥሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን ማን እንደተቀመጠ ቃኙ። አዲስ አበባ ለወሬ ትንሽ ናት። የአክስታችሁን ገመና ስሟን ብቻ ቀይራችሁ ካነበባችሁት፣ ሰፈሯን የሚያውቅ ሰው እሷን አያጣትም፤ ሰፈሩንም ሥራዋንም የልጆቿንም ቁጥር ለውጡ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከመድረክ ስትወርዱ «እውነት ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በር ላይ ስለቆመው ልጅ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ «ልብ ወለድ ነው» ከማለት ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።