መርፌ ከማንሳት በፊት

ልጅት፦ እማማ፣ ልብስን ራስ መስፋት ወጪ ይቀንሳል ይባላል። ነገር ግን የአንድ ሜትር ጨርቅ ዋጋ አንዳንዴ ከልባሽ ቀሚስ ይበልጣል። ታዲያ ትርፉ የቱ ላይ ነው?

እማማ፦ ልክ ነሽ ልጄ፤ ጨርቁ ላይ ምንም አናተርፍም። ፋብሪካው በጣቃ የሚገዛውን እኛ በሜትር ነው የምንገዛው። የሚተርፈን የእጅ ዋጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ልሰፋ የምትል ትከስራለች፤ “ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት” ለስፌትም ይሠራል። ኮትና ሱሪ ገበር፣ ኪስ፣ ዚፕ አለባቸው፤ አቆራረጡ ትንሽ ከተሳተ ጨርቁ ከነገንዘቡ ይበላሻል። እነሱን ለልብስ ሰፊ ተዪለት። ባለ ላስቲክ ጉርድ ቀሚስ፣ የልጅ ቁምጣ፣ የሌሊት ልብስ ግን ቀጥ ያለ ስፌት ስለሆኑ ጀማሪንም አያቅቱትም።

ልጅት፦ ጉርድ ቀሚሱን እንውሰድ፤ ስንት ጨርቅ ይፈጃል?

እማማ፦ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ የጥጥ ጨርቅ ካገኘሽ፣ 1 ሜትር ይበቃል። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ብትፈልጊ ለላስቲኩ መግቢያ 5፣ ለታችኛው ዘምዘማት 5 ጨምረሽ 90 ትቆርጫለሽ። የቀረችው 10 ግን ትርፍ እንዳትመስልሽ፤ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስለዚህ አስቀድመሽ ጨርቁን ዘፍዝፈሽ፣ አድርቀሽና ተኩሰሽ ከዚያ ለኪ። ይህን የዘለለች በመጀመሪያው እጥበት ቀሚሷ ያጥርባታል። ከዚያ የጨርቁን ሁለት ዳሮች ገጥመሽ ስፊ፤ ፋብሪካ ያወጣው ዳር ስለማይተረተር ኦቨርሎክ አያስፈልገውም። ላስቲኩን ከወገብሽ ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሪው። ቤት የተሰፋ ልብስ የሚያስነቅፈው ዘምዘማቱ ሲንሻፈፍና ስፌቱ ሳይተኮስ ሲቀር ነው፤ ካውያ አትቆጥቢ።

ልጅት፦ የስፌት መኪና ከሌለስ? ጊዜውስ?

እማማ፦ በዓመት ሁለት ሦስት ልብስ ለምትሰፋ ሰው መኪና መግዛት ቁጠባውን ከመነሻው ይበላዋል። መርፌውን በየእርምጃው ትንሽ ወደ ኋላ እየመለሱ በእጅ የሰፉት ስፌትም ጠንካራ ነው። ጊዜሽን ግን እንደ ነፃ ነገር አትቁጠሪው። በዚያው ሰዓት ሠርተሽ የምታገኚው ከማሰፊያው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ ሥራሽን ሥሪና ለሰፊው ክፈይ፤ እሱም እንጀራው ነው።

ልጅት፦ እንዲያ ከሆነ ልባሽ ገዝቶ መልበስ አይሻልም?

እማማ፦ ርካሽነቱን አልክድም። ሆኖም አገራችን ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት ስለከለከለች፣ ገበያው በኮንትሮባንድ ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬ የተገኘው ነገ ላይገኝ ይችላል። ደግሞም ልባሽ በልክሽ ተሰፍቶ አይጠብቅሽም። ወገቡን ማጥበብ፣ እጅጌውን ማሳጠር የምታውቅ ሴት፣ ሌላው “ልኬ አይደለም” ብሎ የተወውን በቅናሽ ታነሳለች፤ የማታውቀው በልባሹ ዋጋ ላይ የማስጠበቢያ ትጨምራለች። እንግዲህ ስፌትና ልባሽ ተፎካካሪ አይደሉም፤ ሁለቱም የሚጠቅሙት መርፌ ለያዘ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ደግሞ ምንም ባለመግዛት የሚገኘው ነው፦ ቁልፉ የወደቀ ሸሚዝ፣ ብብቱ የተተረተረ ቀሚስ የሚጠይቁት ክርና ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጨርቅ ተራ ከመሄድሽ በፊት ቁም ሣጥንሽን ክፈቺ፤ እዚያ ያለውን ጠግነሽ ስትጨርሺ፣ ጉርድ ቀሚሱን ለመስፋት እጅሽም ይፈታል።