ሩሚ፣ ምድርና የእነዋሪ ዋልካ

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወሳ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለግብርናና ለደን ባለሙያዎች ትተን እናልፋለን። እስቲ ዛሬ አንድ ሙስሊም ባለቅኔ ምድርን በምን ዓይን እንዳዩዋት ተመልክተን ወደ አገራችን እንመለስ።

መውላና ጀላሉዲን ሩሚ በ1207 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ1273 በኮንያ ከተማ ያረፉ፣ በፋርስ ቋንቋ የጻፉ ባለቅኔ ናቸው። መስነዊ የተባለው ታላቁ ሥራቸው የሚጀምረው ከሸንበቆ ጫካ ተቆርጣ በተለየች ዋሽንት እሮሮ ነው። ዋሽንቷ የምታለቅሰው አገሯ ናፍቋት ነው፤ የሰውም ሩሕ እንዲሁ ወደ ጌታዋ ትናፍቃለች። በሩሚ ዓይን ውሃውም፣ ድንጋዩም፣ ዛፉም ዲዳ ዕቃ አይደለም። ይህ የባለቅኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር አላህን (ሱ.ወ.) እንደሚያጠራ፣ እኛ ግን እንደማናስተውለው ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ (17፡44) ያስተምረናል። እንስሳትና አእዋፍ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውንም በሱረቱል አንዓም (6፡38) እናገኛለን።

አሜሪካዊው የደን ባለሙያ አልዶ ሊዮፖልድ በ1949 በታተመው መጽሐፉ አፈሩ፣ ውሃው፣ ዕፅዋቱና እንስሳቱ ከሰው ጋር የአንድ ማኅበረሰብ አባላት መሆናቸውን ጻፈ። ሙስሊሙ ምሁር ሰይድ ሑሴን ነስር ደግሞ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ የተፈጥሮ ቀውስ ሥሩ መንፈሳዊ መሆኑን አስረዱ። ለሙስሊም ምድር አማና ናት፤ ተጠያቂነቱም በባለቤቷ ፊት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በተግባር ምን ይመስላል? ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ እነዋሪ እንሂድ። የሞረትና ጅሩ መሬት ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥርና የሰብሉን ሥር ያፍናል። ስለዚህ የእነዋሪ ገበሬ ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየቆለለ መደብ ያበጃል፣ በመካከሉም ቦይ ይተዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከዚህ ልምድ ተምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ።

ነገር ግን የተጠነፈፈው ውሃ የግድ አንድ ቦታ ይሄዳል። የላይኛው ገበሬ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ከለቀቀው የራሱን ስንዴ አድኖ የወንድሙን ያሰጥማል። በዘፈቀደ ወደ ገደል ከሰደደው ደግሞ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። መፍትሔው ባለማሳዎቹ ተስማምተው የጋራ መውረጃ ማበጀት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጉዳትንም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ከልክለዋል። ይህ ትእዛዝ እስከ ቦዩ ጫፍ ድረስ ይከተለናል።

እኛ የከተማ ሰዎችስ? ቆሻሻችንን ጎርፍ ማውረጃ ውስጥ ስንጥል ከታች ያለውን ሰፈር እያሰጠምን አይደለምን? የመስጊዱን ቧንቧ ከፍተን ስንተውስ? በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ ለውዱእ ውሃ ማብዛት ብክነት መሆኑን የሚገልጽ ሐዲስ ኢብን ማጃህ ዘግበዋል።

የባለቅኔው ፍቅር ያለ ሕግ ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሕጉም ያለ ፍቅር ሰው በሌለበት ይጣሳል። ሁለቱን ያጣመረ ሙእሚን ግን ማንም ሳያየው ቧንቧውን ይዘጋል።

ወሏሁ አዕለም።