ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች

ወጣት ሴት በትልልቆች ፊት ስለ ወሊድ ከተናገረች «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ትባላለች። ተረቱ ያለ ምክንያት አልተተረተም። ብዙ ጊዜ የወለደችና ያዋለደች እናት የምታውቀው ብዙ ነገር አለ። ይሁን እንጂ ከእናቶቻችን የተቀበልነውን እምነት ለይተን ማየት ይኖርብናል። የሚጠቅመውን እንይዛለን፤ የሚጎዳውን እንተዋለን።

በመጀመሪያ የሚጠቅመውን እንመልከት። በባህላችን ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ይሰበሰባል። «ማርያም፣ ማርያም» የሚሉ ይላሉ፤ ዱዓ የሚያደርጉም ያደርጋሉ። ወገቧን የሚያሽላት፣ አይዞሽ የሚላት አታጣም። ስትገላገል ገንፎ ይገነፋላታል፤ ከከባድ ሥራም ታርፋለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የምታምነው ሰው አጠገቧ ሲሆን ፍርሃቷ ይቀንሳል። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎው እዚያው ይገነፋል፤ ቡናውም ይፈላል።

አሁን ደግሞ ስለሚጎዳው እንነጋገር። በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል፦

«እማዬ፣ ልጁን አምጪው ላጥባው።»

«ቆይ እስቲ! ይኼ እንገር ነው፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ይታለብና ይደፋ። እስከዚያው ቅቤ ላስልሰው፤ አንጀቱን ያለሰልስለታል።»

አያት ይህን የምትለው ለልጁ ሳስታ ነው። ነገር ግን እንገር ቢጫና ወፈር ያለ ቢሆንም ቆሻሻ አይደለም። በሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት፣ ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቆጠር ነው። ላም ያረባ ሰው ይህን ያውቃል፤ እንገር ያልጠባ ጥጃ አይጠናም። ለጥጃ ያልነፈግነውን ለልጃችን ለምን እንነፍገዋለን? ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጡት ይያዝ። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ቅቤም፣ ውሃም፣ አብሽም አያስፈልገውም። ሲጠባ የእናቱም ማሕፀን ይኮማተራል፤ የሚፈሰውም ደም ይቀንሳል።

ነፍሰ ጡር ወተት ወይም ተልባ ከጠጣች በልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል የሚሉም አሉ። ያ ነጭ ቅባት ግን በማሕፀን ውስጥ የሕፃኑን ቆዳ የሚጠብቅ ነው፤ ከወተት አይመጣም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያገኘችውን ወተት፣ እንቁላልና ጎመን ትመገብ። የሕፃኑም እትብት በንጹሕ መሣሪያ ይቆረጥ። እበት የተቀባ እትብት መንጋጋ ቆልፍ ሊያስይዘው ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው «እኛም የወለድነው እዚሁ ነው» ብሎ ምጠኛን ቤት ማቆየት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የሕዝብና ጤና ጥናት፣ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 412 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። ደም ሲበዛባት ወይም ምጡ ሲጠናባት ሐኪም ያልደረሰላት እናት ትሞታለች። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ ገብታ ልትጠብቅ ትችላለች። በወልቂጤ አካባቢ ባለው አጣት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማቆያ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነበር።

ስለዚህ አያትን አናሳፍራት። ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ይዘናት እንሂድ፤ ገንፎውን እሷው ታገንፋ፤ ሕፃኑንም እሷው ለእናቱ ጡት ታቀብል። ልጅ ለእናቷ ምጥ ባታስተምርም፣ ያነበበችውን ግን ልታነብላት ትችላለች።

ጥያቄዎች
1. እንገር ለሕፃኑ ምን ይጠቅመዋል? ለእናቱስ ማጥባት ምን ይጠቅማታል?
2. በመንደራችሁ ስለ እርግዝናና ስለ አራስ ከሚባለው የትኛው ይያዝ? የትኛው ይተው? ከትልልቆች ጋር ተወያዩበት።
3. ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሌሊት ምጥ ቢመጣ በምን ትሄዳላችሁ?