ለሕፃኑ የሚሆን እህል

የጨፋ ገበሬዎች ሆይ፣ ማሽላ ስትወቁ ለዘር የሚሆነውን መርጣችሁ ለብቻ ታኖራላችሁ። ለሕፃናችሁስ?

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አያሻውም። ከዚያ በኋላ ግን ጡቱን ሳይተው ገንፎ ይጀምር። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ገንፎው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን። ማሽላም ብቻውን ጎደሎ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ማሾ ነውና ሁሉንም አትሽጡት። ለ3 እጅ ማሽላ 1 እጅ ማሾ ተለቅሞ፣ ታምሶና ተከክቶ አብሮ ይፈጭ። ወተት ወይም እንቁላል ቢታከልበት ይበልጣል። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ መጀመሪያ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስጡት፤ ከ9 ወር ወዲያ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሁን።

ከጉድጓድ ሻግቶ የወጣ ማሽላ ግን ለሕፃን ፈጽሞ አይሆንም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ቢታጠብም ቢበስልም አይለቅም። ስለዚህ እህሉ ጉድጓድ ሳይገባ የሕፃኑን ድርሻ በደንብ አድርቃችሁ፣ በጆንያ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አኑሩ።

የልማት ሠራተኛ ወንድሜ፣ ይህን ለእናቲቱ ብቻ ነግረህ አትመለስ። ጉድጓዱን የሚከፍተውም፣ ማሾውን ወደ ከሚሴ ገበያ የሚጭነውም አባትየው ነው።