ቫይረሱ ተገኘ ማለት ገዳዩ ተገኘ ማለት ነው?

ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቆሮሶ ነው። እኔ ግን ባለፈው ሴሚስተር ለክፍል ገለጻ የደረሰኝ ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ነበር። በእርባታ ኢሎች ላይ የተገኙ ቫይረሶችን ዘርዝሬ ስጨርስ መምህሬ «ከታመመ ዓሣ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ገዳይ ያሰኘዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ለምሳሌ የኢል ሄርፒስ ቫይረስ ጤነኛ በሚመስል ዓሣ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ዓሣው በኦክስጅን እጥረት ቢሞት ቫይረሱን ያለ ጥፋቱ እንከሰዋለን፤ እውነተኛው ችግር ግን ኩሬው ውስጥ ይቀራል።

መልሱን ያገኘሁት ከጃፓን ነው። እዚያ የእርባታ ኢሎችን የሚፈጅ አንድ በሽታ የደም ሥርን የውስጥ ገጽ የሚሸፍኑ ሴሎችን ይገድላል። ተመራማሪዎቹ ደረጃ በደረጃ ሄዱ።

አንደኛ፣ የትኞቹ ሴሎች እንደሞቱ በማይክሮስኮፕ ተለየ።

ሁለተኛ፣ ቫይረስ ያለ ሕያው ሴል ስለማይራባ፣ እነዚያኑ የደም ሥር ሴሎች ከኢል ወስደው በላቦራቶሪ አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቫይረሱን በእነሱ ላይ ለይቶ ማውጣት መቻሉ ይፋ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ዘረመሉ ተነበበ። የተለመደው ፒሲአር የሚፈልገውን ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ለማይታወቅ ቫይረስ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ያገኙትን ዲኤንኤ ሁሉ የሚያነብ ዘዴ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት ወደ 15,000 ፊደላት ያለው ክብ ዲኤንኤ አሳየ። ከፖሊዮማ ቫይረሶች ጋር የሚመሳሰለው አንድ ጂን ብቻ ስለነበር፣ አዲስ የቫይረስ ቤተሰብ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ።

አራተኛ፣ ቫይረሱ በተፈጥሮ በታመሙትም ሆነ በሙከራ በተበከሉት ኢሎች ውስጥ ተገኘ። ያም ሆኖ ተመራማሪዎቹ «መንስኤው ሊሆን ይችላል» እንጂ «ነው» አላሉም። እኔን ያስተማረኝ ይህ ጥንቃቄ ነው።

ኢል አርቢዎች ጫጩቶቹን የሚያገኙት ከዱር በማጥመድ ስለሆነ፣ አዲስ ቫይረስ አብሮ ሊገባ ይችላል። ጥያቄው ግን የኢል ብቻ አይደለም። ነገ በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ በድንገት ቢያልቅና ከመካከላችን አንዱ ናሙናው ቢደርሰው፣ ስም ከማውጣቱ በፊት አራቱንም ደረጃዎች ያስታውስ።