ሶዲየምን በውኃ ላይ ማሳየት፦ ለኬሚስትሪ መምህራን

ተማሪ ስለ ሶዲየም ከመጽሐፍ አንብቦ የሚይዘው ለፈተና የሚሆነውን ያህል ነው። ውኃ ላይ እየተንጫጫ ሲሮጥ በዓይኑ ካየው ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ስለዚህ ይህ ሙከራ ከክፍላችን እንዲጠፋ አልፈልግም። አደጋ የሚያመጣው በአብዛኛው አንድ ፈተና ነው፤ ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ «እስቲ ትንሽ ተለቅ ያለ ልጨምር» የሚለው። ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት የቁራጩን መጠን እንጨርስ።

በየጎኑ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ማለትም ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ 26 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። ውኃ ውስጥ ሲያልቅ የሚለቀው ሃይድሮጅን 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጎኑን ወደ 1 ሴንቲሜትር ብናሳድገው ክብደቱ ወደ 1 ግራም፣ ጋዙም ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጋል። ጋዙና ሙቀቱ 37 እጥፍ ሲያድጉ ሙቀቱን የሚያስወጣው የቁራጩ ገጽ ያደገው 11 እጥፍ ብቻ ነው። ትልቁ ቁራጭ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፣ ሃይድሮጅኑን ያቀጣጥላል፣ ከዚያም ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የፕራግ ተመራማሪዎች የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ ጠብታ ውኃ ሲነካ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ነበር። ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከጠብታው ላይ እሾህ የመሰሉ ዘንጎች ተወረወሩ። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውኃው ሲሸሹ በጠብታው ላይ የቀሩት አዎንታዊ ሙሎች እርስ በርስ ተገፋፍተው ሜታሉን ይበታትኑታል። አንዴ ይህ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ 3 ሚሊሜትር ብለን እንለፍ።

አንደኛ፣ ዝግጅት። አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ገንዳ እስከ ግማሹ ድረስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይሙሉበት፤ ጥቂት የፌኖልፍታሊን ጠብታም ይጨምሩ። ጠባብ ዕቃ፣ በተለይ የሙከራ ቱቦና የመለኪያ ሲሊንደር፣ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጋዙ መውጫ ያጣል። በገንዳውና በተማሪዎቹ መካከል አንድ፣ በገንዳውና በእርስዎ መካከል ሌላ ብርሃን አሳላፊ ጋሻ ያቁሙ። የመከላከያ መነጽር ሁሉም ያድርግ፤ የመጀመሪያው ረድፍም ከ2 ሜትር በላይ ይራቅ። ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ባልዲ የደረቀ አሸዋ ወይም የደረቀ የገበታ ጨው ይኑር። ሶዲየም ከተቀጣጠለ የሚታፈነው በእነዚህ ነው። ውኃ ያባብሰዋል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሆንም፣ የሚነድ ሶዲየም ከዚያ ጋዝ ጋር ራሱ ይዋሃዳልና።

ሁለተኛ፣ መቁረጥ። ገንዳው ካለበት ጠረጴዛ ራቅ ብለው፣ በደረቀ ንጣፍ ላይ ይሥሩ። ቁራጩን በደረቀ ጉጠት ከተቀመጠበት ላምባ ያውጡና በማጣሪያ ወረቀት ያድርቁት። በጣት መንካት አይቻልም፤ የእጅ ላብ ብቻውን ይበቃዋል። ሶዲየም እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ በቢላዋ ይቆረጣል፤ ተማሪዎቹን የሚያስደንቀው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ከላይ ያለውን ነጭ ቅርፊት ቆርጠው ይለዩ፤ አየርና እርጥበት የሠሩት ኦክሳይድ፣ ሃይድሮክሳይድና ካርቦኔት ነው። አሁን ተማሪዎቹ አዲሱን ገጽ ይመልከቱ። እንደ ብር ያበራል። ቀስ በቀስ ደግሞ ብርሃኑ ይፈዝዛል፣ ግራጫ ይሆናል፣ ነጭ ይለብሳል። አየር ሲበላው በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። እኔ እዚህ ላይ ሳልቸኩል ቆም እላለሁ፤ ብዙ መምህር ግን ወደ ውኃው እየተጣደፈ ያልፈዋል።

ሶዲየሙ በሚቀመጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ፖታሲየም ካለና ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቅርፊት ካበጀ፣ ቢላዋ አያስጠጉበት። እርሱ የሚሠራው ሱፐርኦክሳይድ ሲቆረጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ከመቀጠልዎ በፊት የሶዲየሙን ጠርሙስ ይክደኑና ከጠረጴዛው ያርቁት። አንድ ቁራጭ ብቻ በእጅዎ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ማሳየት። ቁራጩን በረጅም ጉጠት ይዘው ከውኃው ገጽ ላይ ቀስ ብለው ያኑሩትና ወዲያው እጅዎን ወደ ኋላ ይመልሱ። ወዲያው ይቀልጣል፤ ማቅለጫው 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ የራሱ ሙቀት ይበቃዋል። ድቡልቡል የብር ጠብታ ሆኖ፣ ከሥሩ በሚወጣው ሃይድሮጅን እየተገፋ፣ ወዲህና ወዲያ ይሮጣል፤ በሄደበትም ሮዝ መንገድ ይተዋል። ሮዙ ውኃው ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ እየተሠራ መሆኑን ይናገራል። ተማሪዎቹን ይጠይቁ፦ ላምባ ውስጥ ሰምጦ የነበረው እዚህ ለምን ተንሳፈፈ? እፍጋቱ በሴንቲሜትር ኩብ 0.97 ግራም ስለሆነ ከላምባ ይከብዳል፣ ከውኃ ይቀላል።

አንዳንዶች ነበልባል እንዲታይ ቁራጩን ውኃ ላይ በተዘረጋ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ቦታ ላይ ሲታገድ ሙቀቱ ይጠራቀምና በቢጫ ነበልባል ይነዳል፤ ፍንጣሪውም ይበዛል። ለክፍል አልመክረውም።

አራተኛ፣ መታገሥ። ጠብታው አንሶ አንሶ የጠፋ ሲመስል ማንም አይጠጋ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የምትቀረው የጋለች ቅንጣት ድንገት ጧ ብላ ኮስቲክ ትረጫለች። ዓይን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ «አለቀ» ብሎ አንገቱን ባሰገገበት ቅጽበት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ እያጠቡ ወደ ሐኪም ይውሰዱ። ቆዳ ላይ የሶዲየም ፍርፋሪ ካረፈ ግን መጀመሪያ በደረቀ ጉጠት ያንሱት፣ ውኃው ከዚያ በኋላ በብዛት ይከተል።

በዚህ መካከል አንድ ተማሪ መጠየቁ አይቀርም፦ «ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ ካሉን፣ ወጥ ውስጥ ለምን አይፈነዳም?» ከጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይኼን ነው። የሶዲየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ የመጨረሻው በውጭው ምሕዋር ብቻውን ነው፣ ሶዲየምም በቀላሉ ይለቀዋል። ገንዳው ውስጥ ያየነው ሁሉ ያችን አንዲት ኤሌክትሮን የመልቀቅ ሥራ ነው። ከዳናኪል የሚወጣው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ከሰጠ ቆይቷል፤ የሚለቀው ስለሌለው ረግቶ ተቀምጧል። እንዲያውም እርሱን መልሶ ሜታል ማድረግ ነው ጭንቁ። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ቀልጦ በነበረ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ነው። ዛሬም ፋብሪካዎች የቀለጠ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ እየሰደዱ ያወጡታል።

አምስተኛ፣ ማጽዳት። እኔ ራሴ ያየሁት አደጋ የደረሰው ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ላምባ የነካ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ በላዩ እርጥብ መወልወያ ጨርቅ ሲደረብበት ጢስ ወጣ፣ ቀጥሎም ነበልባል። በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ፍርፋሪ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ቢላዋውን፣ ጉጠቱን፣ ወረቀቱንና የተለየውን ቅርፊት በሙሉ ይመርምሩ። ፍርፋሪዎቹን አንድ በአንድ፣ አየር በሚገባበትና እሳት በሌለበት ቦታ፣ አፉ ክፍት በሆነ ቢከር ውስጥ ባለ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጨምሩ፤ ከውኃ ይልቅ በዝግታ ይበላቸዋል። አረፋው ፈጽሞ ሲቆም ብቻ በብዙ ውኃ አቅጥነው ያፍስሱ። ወረቀቱንም እንዲሁ አልኮል ሳያጠግቡ አይጣሉ። የገንዳው ውኃ ኮስቲክ ነውና በጓንት ይያዝ።

የቀረውን ሶዲየም ላምባው ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ይዩ፣ ከጎደለ ይሙሉ፣ ክዳኑን ያጥብቁ፣ ቁምሳጥኑን ይቆልፉ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ጋሻ፣ መነጽርና የደረቀ አሸዋ ያላሟላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሆኑ ግን እባክዎ ጠርሙሱን አይክፈቱ፤ ሙከራውን በፊልም ያሳዩአቸው።