የኩሬን ውሃ ከፎስፌት ስለ ማጥራት

የትምህርቱ ዓላማ፤ የኩሬ ውሃ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን፥ ገበሬውም በገዛ እጁ እንዴት ሊያጠራው እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

በትክል ድንጋይ ዙሪያና በጎንደር ደጋ ለሚኖር ገበሬ ኩሬ ትልቅ ሀብት ነው። ክረምት የሞላው ውሃ በበጋ ከብት ያጠጣል፤ ጎመንና ሽንኩርትም ያበቅላል። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስልበት ጊዜ አለ። ይሸታል፤ ከብቱም ቀምሶ ይመለሳል። የዚህ ዋና ምክንያት በውሃው ውስጥ የፎስፌት መብዛት ነው።

ፎስፌት ምንድር ነው?

ፎስፌት የተክልን ሥር የሚያጠነክር፥ ፍሬም እንዲይዝ የሚረዳ ምግብ ነው። በማዳበሪያ፥ በፍግ፥ በአመድና በአፈር ውስጥ ይገኛል። በማሳ ላይ ሲሆን ይጠቅማል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አልጌ የሚባለውን ደቃቅ የውሃ ተክል ይቀልባል። የቆመ ውሃ በ1 ሊትር 0.03 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስ ካገኘ አልጌ ሊበዛበት ይችላል። በ1 ኩንታል ኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ውስጥ ከ16 ኪሎ የሚበልጥ ፎስፈረስ አለ። እንግዲህ 6 ግራም ማዳበሪያ፥ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፥ 33,000 ሊትር ውሃን እዚህ ልክ ለማድረስ ይበቃል።

አልጌው ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከብት የሚገድል መርዝ አለው፤ መርዙም ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ በውሃው ላይ እንደ ቀለም የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ነገር በታየ ጊዜ ሰውም ከብትም ከዚያ ውሃ እንዳይጠጡ መከልከል ይገባል።

ወደ ውሃው የሚገባው እንዴት ነው?

የደጋው ቀይ አፈር ፎስፌትን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ከተዳፋት መሬት ብዙው ፎስፌት ወደ ውሃ የሚሄደው አፈር ተሸክሞት ነው። በሰኔና በሐምሌ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ሳለ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ፥ በዱቤ የተገዛው ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። ቀዩን ጎርፍ ያየ ገበሬ ገንዘቡ ሲሄድ አየ ማለት ነው።

ከጎንደር በስተ ደቡብ የሚወርደው ውሃ በመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ፥ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። ሕዝቡ ደጋግሞ ነቀለው፤ እርሱም ደጋግሞ በቀለ። ዘሩ በደለል ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ምግቡም በየክረምቱ ከማሳው ይወርድለታል።

በሌላ አገር የሆነውም ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ከከተማ ፍሳሽ በሚገባው ፎስፌት አልጌ በዝቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ተደረገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሐይቁ ጠራ። ስለዚህ ውሃ ማጥራት የሚጀመረው ከምንጩ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ፎስፌት እንደ ናይትሮጅን ወደ አየር አይወጣም። ከኩሬው ሥር በጭቃው ውስጥ ይከማቻል፤ በታች አየር ሲጠፋም ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ አዲስ እንዳይገባ መከልከልና የገባውን ማውጣት።

1ኛ/ ማዳበሪያን በመስመር ጨምራችሁ አፈር አልብሱት። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል በማሳው ላይ አትበትኑት። መጠኑንም በአፈር ምርመራ ወይም በልማት ሠራተኛው ምክር ወስኑ።

2ኛ/ እርከን ሥሩ፤ ተዳፋቱን አግድም እረሱ። ከኩሬው በላይ ያለውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ መልሱ።

3ኛ/ በኩሬው ዙሪያ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ትከሉ። ደሾውን እያጨዳችሁ ለከብት ስጡ፤ ሣሩ የያዘው ፎስፌት ከዚያ የሚነሣው ሲታጨድ ነውና።

4ኛ/ ውሃው ከመግቢያው በፊት የሚያርፍበት የደለል ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በየበጋውም ጥረጉት።

5ኛ/ በረትንና የፍግ ክምርን ከኩሬው አርቁ። ከብትን በገንዳ አጠጡ እንጂ ወደ ኩሬው አታስገቡ። ልብስም በዳርቻው አትጠቡ።

6ኛ/ አልጌንና አረምን በረጅም መንሽ ጎትታችሁ አውጡ፤ በባዶ እጅ አትንኩት። ከዳር ጥላችሁት ብትሄዱ ዝናብ ይመልሰዋል። እምቦጭ ከሆነ ግን ዘሩ እንዳይዛመት ወደ ማሳ አትውሰዱት፤ ከውሃ ርቆ ደርቆ ይቃጠል።

7ኛ/ በሚያዝያና በግንቦት ውሃው ሲጎድል የሥሩን ጭቃ ዝቃችሁ ወደ ማሳ መልሱ። ከማሳው የወረደው ለም አፈር ነውና መልሶ ይጠቅማል።

አልጌን በመድኃኒት ለመግደል መሞከር አይበጅም። የሞተው አልጌ በስብሶ ፎስፌቱን እዚያው ይመልሳል፤ መርዝ ያለው ከሆነም መርዙን በውሃው ውስጥ ይለቃል።

ለልማት ሠራተኛው፤ ይህን ትምህርት በቤት ውስጥ ከማስተማር ይልቅ በዝናብ ቀን ገበሬዎችን ከኩሬው አፍ ላይ አቁሞ ጎርፉ ከየትኛው ማሳ እንደሚመጣ ማሳየት ይበልጣል። ኩሬው የአንድ ሰው ቢሆንም ጎርፉ የብዙ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ እርከኑና ቦዩ በደቦ ይሠራ። ውሃው በአንድ ክረምት ባይጠራ ተስፋ አይቆረጥ፤ አሮጌው ጭቃ እስኪወጣ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ/ ጎርፍ በቀላ ጊዜ ከማሳችሁ ምን ይሄዳል?
ለ/ የታጨደ ሣርና የወጣ አልጌ ከኩሬው ዳር መራቅ ያለበት ለምንድር ነው?
ሐ/ ወደ ኩሬያችሁ የሚገባው ጎርፍ በማን በማን ማሳ ያልፋል? ከባለማሳዎቹ ጋር መቼ ትመክራላችሁ?